አፕዴቱ የወሰደው ድምፅ

መስከረም 28 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣ ለእኔም ልጅ፣ ለሽቦ፤

ሰላምታዬ ካለህበት የሰው አገር በረሃ ይድረስህ። ፀሐዩ ይብረድልህ፣ አሠሪህ ይራራልህ፣ ውሃ ጫኙ መኪና አይቅርባችሁ። እኛ እንዳለን አለን።

በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ስታይ ክው እንደምትል አውቃለሁ። አይዞህ፣ ሰው አልሞተም። የሞተው ኮምፒውተሩ ነው። ወረቀት ከተላከ ውሃ ጫኙ ካምፑ ድረስ ያመጣልኛል ብለኸኝ ስለነበር ይኸው ብዕር አነሳሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሚስቴ፣ ያንተ እትዬ፣ «ውጪው ዘነበ እንዴ?» አለችኝ። ልመልስላት ኮምፒውተሩን ስከፍት አንድ ክብ ነገር ይዞራል። አፕዴት እያደረግኩ ነውና እንዳታጠፉኝ ይላል። እኔ መች አጠፋሁት? መብራቱ ራሱ ሄደ እንጂ! ባትሪው እንደሆነ ከሞተ ቆይቷል። መብራቱ ሲመለስ ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አመጣ፤ ጠፋ፤ ደግሞ በራ፤ ደግሞ ጠፋ። እንደ ሰካራም ይነሳል፣ ይወድቃል። እስከ ዛሬ እንዲሁ ነው።

ለሌላ ሰው ብነግረው «ኮምፒውተር ተበላሸ» ብሎ ያልፈኛል። አንተ ግን ታውቃለህ። ሐኪሞቹ ጉሮሮዬን ሊቆርጡኝ ቀጠሮ በሰጡኝ ሳምንት፣ ጓዳ አስገብተህ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደህ፣ ድምፄን የቀዳኸው አንተ ነህ። «ውሃ ላምጣልሽ?» «መድኃኒትሽን ዋጥሽ?» «አትነጫነጪ።» «እኔ ነኝ።» ዕድሜዬን ሙሉ መናኸሪያ ውስጥ አውቶቡስ ስጠራ ኖሬ፣ አገሩ ሁሉ ጥሩምባ ብሎኝ፣ ቀስ ብሎ መናገር ከየት ይምጣልኝ? «ጋሼ፣ እትዬ እኮ ተሳፋሪ አይደለችም!» ብለህ ስትስቅብኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ስጫን በገዛ ድምፄ ያናግራታል። ዓይኗን ስኳር ወስዶታል፤ ብጽፍላት አታነብ፣ እጄን ባወናጭፍ አታይ። የተጣላነውም የታረቅነውም በዚያ ማሽን ነው።

«ዘነበ እንዴ?» ላለችው እጇን ይዤ ወደ ደጅ ወሰድኳትና መዳፏን ዝናቡ ላይ ዘረጋሁላት። «እህ፣ ዘንቧል» አለች። ስንቱን ጥያቄ እንዲህ ልመልሰው?

ጥጉ ላይ ኮምፒውተር የሚጠግነው ሰውዬ፣ ሰው ሁሉ «ዶክተር» የሚለው፣ «ፎርማት ላድርገውና በአንድ ቀን ይነሳልዎታል» ይላል። ሽቦን ሳልጠይቅ አይሆንም ብዬ ጻፍኩለት። እንግዲህ መላ በል፣ ቶሎ በል።

እንደ ወጣህ አያስቀርህ።

አጎትህ ጥሩምባ


ጥቅምት 20 ቀን

ለጋሼ፣ ጉልበትዎን ስሜ፤

ጤናዎን ያብዛልዎ። እትዬን ግንባሯን ይሳሙልኝ።

ደብዳቤዎ ዛሬ ነው እጄ የገባው። ውሃ ጫኙ መኪና መንገድ ላይ ተሰብሮ፣ እኛም በየቀኑ ግማሽ ጆግ ስንካፈል ከርመናል። አሁንም የምጽፍልዎ ጄኔሬተር ቤት ውስጥ ቆሜ ነው፤ መኪናው ከመመለሱ በፊት ልስጠው ብዬ።

ጋሼ፣ ማሽኑ አልሞተም። ሥራውን ሳይጨርስ መብራቱ ስለጠለፈው መሄጃ ጠፍቶት ነው። እንዲህ ያድርጉ። ሶኬቱን ይንቀሉት። ማብሪያውን ተጭነው እስኪሰለችዎ ድረስ ይያዙት። ከዚያ ሰክተው ያብሩት፤ ጽሑፉ ብቅ ሲል በማብሪያው ያጥፉት፤ ደግመው ያብሩ፣ ያጥፉ። እንዲህ ሲያንገላቱት በመጨረሻ ሰማያዊ ገጽ ይከፍትና ምን ላድርግ ብሎ ይጠይቅዎታል። የሚመርጡትን የእንግሊዝኛ ቃል ሌላ ወረቀት ላይ በትልልቁ ጽፌ አያይዤዋለሁ። ከስክሪኑ ጋር ፊደል በፊደል ያመሳስሉት። አፕዴቱን ነቅሎ ወደ ትናንቱ ይመልስልዎታል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ፎርማት እንዳያስደርጉ! ፎርማት ማለት ቤት ለማጽዳት ብሎ ባለቤቱን ከነዕቃው ገደል መስደድ ነው። ዶክተርም ይሁን ፕሮፌሰር፣ ጣቱን እንዳያሳርፍበት።

ቅጂ የለህም ወይ ይሉኝ ይሆናል። ነበረኝ፤ ስልኬ ላይ። ካምፑ ስንገባ ስልካችንን በር ላይ ሰበሰቡት። ባለፈው ስጠይቃቸው «የቱ ስልክ?» አሉኝ።

ከተማ የምንወርድበት ቀን ሲደርስ ከሱቅ እደውላለሁ። እትዬ ታንሳልኝ፣ ድምጿን ልስማ። ደግሞም ዕረፍት እጠይቃለሁ ብዬ አስቤያለሁ። እንግዲህ እናያለን።

ልጅዎ ሽቦ


ጥቅምት 23 ቀን

ለሽቦ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ጤና ይስጥህ፣ ከክፉ ይሰውርህ።

ደብዳቤህን ብጠብቅ ብጠብቅ ቀረብኝ። አልፈርድብህም፤ በረሃ ነው። እኔ ግን መታገሥ አቃተኝ፣ ለምን መሰለህ?

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን እየመጣች የምጽፈውን ታነብላት ነበር። ደግ ሴት ናት። ግን ባልና ሚስት በሦስተኛ ሰው አፍ ስንት ነገር ይባባላሉ? አንድ ቀን «አትነጫነጪ» ብዬ ብጽፍ፣ «እባክሽን እትዬ፣ ለጤናሽ ነውና አትዘኚ» ብላ አለሳልሳ አነበበችላት። እትዬ ሳቀችና «ይሄ የሱ አይደለም። እሱ እባክሽን የሚባል ቃል አያውቅም» አለች። ሴትዮዋ አፍራ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ሥራ በዛብኝ እያለች ነው።

ማክሰኞ ዕለት ደግሞ እኔ ወንበር ላይ ነበርኩ፣ እትዬ አልጋዋ ላይ። «አለህ?» አለችኝ። ጠረጴዛውን መታሁላት። በር የተንኳኳ መስሏት «ይግቡ» አለች። ደግሜ መታሁ። «ይግቡ እንጂ፣ ክፍት ነው!» ከዚያ ማንም ሳይገባ ሲቀር፣ «ተቀየምከኝ እንዴ? ምን አደረግኩህ?» አለች።

ተነስቼ ኮምፒውተሩን ታቅፌ ወደ ዶክተር ሄድኩ። ፎርማት አድርገው አልኩት። በእጄ ምልክት አልኩት።

በማግስቱ ራሱ ቤት ድረስ ይዞልኝ መጣ። ሲያበራው ቦግ አለ! «አባባ፣ ይኸው እንደ አዲስ! ፊልም ሞልቼበታለሁ፣ ዘፈን አለው፣ ጌም አለው፣ የእኔ ስጦታ ነው» አለኝ። እኔ ያንተን ሳጥን፣ ድምፄን ከትተህበት ጥሩምባ ብለህ የሰየምከውን፣ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። ወረቀት ላይ «ድምፄስ?» ብዬ ጻፍኩለት። «የቱ ድምፅ? ድምፁ ይሠራል እኮ!» ብሎ ዘፈን ከፍቶ እስከ ጥግ ለቀቀው።

እትዬ ከወዲያኛው ክፍል ሰማች። «ተሠራ?» እያለች ግድግዳውን ይዛ መጣች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ያቺ የለመደቻት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ፊቷ በርቶ፣ «በል እስቲ ተናገር» አለችኝ።

ዘፈኑን አጠፋሁት። ሌላ ምን ላድርግ?

ከፎርማት በኋላ የሚመለስ ነገር አለ ወይ? እውነቱን ጻፍልኝ። እኔን ማባበል አያስፈልግም፤ ማባበል የሚያሻው ሰው እዚህ ሌላ አለ።

አጎትህ


ኅዳር 14 ቀን

ለጋሼ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎን ከሁሉ አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ተላልፈዋል። የእኔ አይደረግ እያለ ሲመጣ፣ የእርስዎ ተደረገ እያለ ሲሄድ። አንዱ መኪና የአንዱን አቧራ ቅሞ ይሆናል። አነበብኩትና ከሥራ ባልደረቦቼ ተለይቼ ድንጋይ መፍጫው ኋላ ተቀመጥኩ።

እውነቱን ካሉኝ፣ ፎርማት የተደረገ ነገር ወዲያው አይጠፋም። ስሙ ይፋቃል እንጂ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ሥጋው ቦታው ላይ አለ። የሚያስፈራኝ ፊልሙ ነው። ዶክተር በስጦታ የሞላው ፊልም የእርስዎ ድምፅ ላይ ተኝቶበት ከሆነ አለቀልን። ካልተኛበት ግን ፈልቅቄ ማውጣት እችላለሁ። ስለዚህ ማሽኑን ሁለተኛ እንዳያበሩት። ዶክተር ሃርድ ዲስኩን ይፍታልዎት፤ መዳፍ የምታህል ጠፍጣፋ ብረት ናት። በጨርቅ ጠቅልለው እኛን ወደዚህ ለላከን ወኪል ቢሮ ይስጡልኝ፤ አዲስ ሠራተኛ ሲልኩ ይዞልኝ ይመጣል። እዚህ የካምፑ ጸሐፊ ዘንድ አንድ ኮምፒውተር አለ። ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፣ ግን ይሠራል።

ከተማ ወርጄ ደውዬ ነበር። ሁለቴ ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ። በሦስተኛው ተነሳ። «ሃሎ፣ እትዬ!» ስል ነፋስ ብቻ ነው የሚሰማኝ፣ ሽው ሽው ይላል። ብዙ ጮህኩ። መስመሩ ነው ብዬ ዘጋሁት።

እትዬ ለምን አላነሳችም? ወደ ስልኩ ለመድረስ እኮ ማንም አይቀድማትም ነበር። እውነቱን ይጻፉልኝ፤ እርስዎም አያባብሉኝ።

ልጅዎ ሽቦ


ኅዳር 29 ቀን

ለሽቦ፤

ከነጓደኞችህ ሰላም ይክበብህ።

ነፋስ አልነበረም፤ እኔ ነኝ። ሲጠራ ልቤ አላስችል ብሎኝ አነሳሁት። የሰማኸው አንገቴ ላይ ባለችው ቀዳዳ የምተነፍሰውን ነው። «እትዬ፣ እትዬ» ስትል እሰማሃለሁ፤ ድምፅህ ወፍሯል፣ ጎልምሰሃል። እስክትዘጋው ድረስ ይዤህ ቆሜ ነበር።

እሷ ቤት አልነበረችም። ሐኪም ቤት ተኝታለች። እግሯ ላይ ትንሽ ቁስል ወጥታ ነበር፤ ትንሽ ብለን ተኛንባት። አሁን ስለ እግሯ ሐኪሞቹ በዝግ በር ይነጋገራሉ። እኔን ሲያዩ፣ መናገር የማይችል ሰው የማይሰማም ይመስል፣ እጃቸውን እያወናጨፉ ያስረዱኛል። ሳቄ ይመጣል፤ ድምፅ የለውም እንጂ።

ብረቷን በአሮጌ ሹራቤ ጠቅልዬ ለወኪሉ ሰጥቻለሁ። የሚሄደው ሠራተኛ የጤና ምርመራ አልፎ ነው የሚነሳው አሉኝና ትቆይ ይሆናል። ዶክተር ሲፈታት ሁሉንም ነገርኩት፣ ማለቴ ጻፍኩለት። አንብቦ ሲጨርስ መፍቻውን አስቀምጦ ደጅ ወጣ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። «አባባ፣ አንድ ቃል ቢነግሩኝ ኖሮ!» አለኝ። አየህ ጣጣውን? አንድ ቃል!

ከእትዬ ጋር መላ ፈጥረን ነበር። እጇን አንዴ ስጨብጥ አዎ፣ ሁለቴ ስጨብጥ አይደለም። ለጥቂት ቀን ሠራ። «አንተ ነህ?» አዎ። «በላህ?» አዎ። ኋላ ግን ጣቶቿ ደነዘዙ፤ ይሄም ስኳሩ ነው። አንዴ ይሁን ሁለቴ አይለይላትም። «ይብረድህ፣ ይሙቅህ አላውቅም፣ ብቻ እጅ ይዘኸኛል» ትለኛለች። ደግሞ የምትጠይቀኝ ሁሉ በአዎና በአይደለም የሚመለስ አይደለም። ትናንት «ከእኔ በኋላ እንዴት ትኖራለህ?» አለችኝ።

ዕረፍቱን ጠየቅህ ወይ? ዝም ብለኸዋል።

ብረቷ ስትደርስህ ሁሉንም እንድታወጣልኝ አልጠይቅህም። «ውሃ ላምጣልሽ» ይቅር፤ ዝም ብዬ አመጣላታለሁ። «አትነጫነጪ» ይቅር። «እኔ ነኝ» የምትለዋን ብቻ ፈልግልኝ። ወደ ክፍሉ ስገባ ማን እንደገባ ትወቅ፤ እሷ ትበቃኛለች።

አጎትህ


ጥር 19 ቀን

ለጋሼ፤

እግዜር ብርታቱን ይስጥዎ። ለእትዬ ምሕረቱን ያውርድላት።

ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። ብረቷን ያመጣት ሠራተኛ በር ላይ ዕቃው ሲፈተሽ ብዙ ቆየ፤ ብረቷንም ይዘዋት ከርመው ነበር። ሹራብዎን አውልቀው ጥለውት ብረቷ ብቻ ደረሰችኝ።

ጸሐፊው ቢሮው ውስጥ የሚያቀዘቅዝ ማሽን ተበላሽቶበት ነበርና፣ እሱን ስጠግንለት ኮምፒውተሩን ፈቀደልኝ። ካገኘሁት ፕሮግራም ጋር እየታገልኩ፣ ብረቷን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈተሽኳት። ፊልሙ ተኝቶበታል፣ ጋሼ። ሰው ሲተኮስ፣ መኪና ሲገለበጥ፣ ሰዎች በማላውቀው ቋንቋ ሲሳደቡ አገኘሁ። እዚህም እዚያም በፊልሞቹ መሃል የእርስዎ ድምፅ ስብርባሪ አለ። «ው...» ይልና ይቆረጣል። «...ሽ» ይላል። እነዚህን ገጣጥሜ አንድ ቃል ልሥራ ብዬ ብዙ ደከምኩ። የሚወጣው ነገር ያስፈራል፤ እትዬ እንድትሰማው አልፈልግም።

«እኔ ነኝ»ን አላገኘኋትም። የነበረችበት ቦታ ላይ ሴት እየዘፈነች ነው።

ሙሉ ሆና የወጣችው አንዲት ቅጂ ብቻ ናት። የእርስዎ አይደለችም። እኔ ነኝ የምናገረው። «ጋሼ፣ አንዴ ይድገሙት» እላለሁ። ከዚያ እርስዎ ለመናገር ትንፋሽዎን ሲስቡ ይሰማል፣ ያበቃል።

ዕረፍቱን ጠይቄአለሁ። ፓስፖርታችን አሠሪው ካዝና ውስጥ ነው፤ ኮንትራቱ ሳያልቅ አይወጣም አሉኝ። እያወቅኩት ነው የጠየቅኩት። ያልጻፍኩልዎ ያን ስለማውቅ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አስቤያለሁ። ሰዎች ድምፃችሁ ይመሳሰላል ይሉን ነበር። እኔ ድምፄን ወፈር አድርጌ «እኔ ነኝ» ብዬ ቀድቼ ልላክልዎ? በትንሽ ስልክ ይጫወታል። እትዬን ማታለል ይሆናል፤ እርስዎ ከፈቀዱ ግን ነገ አደርገዋለሁ። መልስዎን እጠብቃለሁ።

ልጅዎ ሽቦ


የካቲት 8 ቀን

ለልጄ፣ ለሽቦ፤

ድካምህን ይቁጠርልህ። እዚያ በረሃ ውስጥ ስብርባሪዬን ስትለቅም አድረሃል። በቃህ አሁን። ብረቷን ጣላት።

ድምፅህንም አትላክ። የሚጠቅም ቢሆን ማታለሉ ባልከበደኝ። ጊዜው አልፏል።

እግሯን ቆርጠዋታል። አልጻፍኩልህም ነበር፣ አንተ ዘንድ የሚጨምረው ነገር የለምና። ከዚያ ወዲህ ትኩሳቱ አልለቃትም። ልቦናዋ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሲመጣ የምታውቀው ሰው ሁሉ በድምፁ ነው የሚለይላት፤ ነርሷን ታውቃታለች፣ ልብስ ሰፊዋን ታውቃታለች፣ የጽዳት ሠራተኛዋን በሳሏ ታውቃታለች። እኔን አታውቀኝም።

ባለፈው ሳምንት እጇን ይዣት ሳለ «ማነህ?» አለችኝ። ልብስ ሰፊዋ አጠገባችን ነበረችና «እትዬ፣ ባልሽ እኮ ነው!» አለቻት። «አታታልይኝ» አለቻት። «እሱ ቢሆን ገና ከበሩ ሲገባ ሕንፃው ይሰማው ነበር።» ሴትዮዋ ልትከራከራት ስትል እኔ የልብስ ሰፊዋን እጅ ይዤ ከለከልኳት። ምን ብላ ታሳምናታለች? አንድ ወረቀት ላይ ጻፍኩና ልብስ ሰፊዋን ለእትዬ አስነበብኳት፦ «ባልሽ ሥራ ላይ ነው፤ የመጨረሻው አውቶቡስ ሲወጣ ይመጣል።» እትዬ ፊቷ ረጋ አለ። «እሺ፣ ይሥራ» አለች።

እንግዲህ እኔ አሁን ዝምተኛው አስታማሚ ነኝ። ውሃ ሳጠጣት «እግዜር ይስጥህ ልጄ» ትለኛለች። ልጄ! ትራሷን ሳስተካክል ትመርቀኛለች። የሐኪም ቤቱ ሰው ወይም የሌላ በሽተኛ ዘመድ እመስላታለሁ። የማይናገር ሰው ጆሮው ሰፊ ነው ብላ ይመስለኛል፣ ያለ የሌለውን ታወራልኛለች። ስለ ባሏ ነው የምታወራልኝ።

አንዳንዱን እኔ እንኳን አላውቀውም ነበር። ሲያገባት ድምፁን ፈርታ ለመጥፋት ሻንጣ አዘጋጅታ እንደነበር። መናኸሪያ ምሳ ይዛለት ስትሄድ፣ ከአጥሩ ውጪ ቆማ የሚጠራውን አገር ሁሉ በሐሳቧ እየሄደችበት ትቆይ እንደነበር። ምሳው ሲቀዘቅዝ «ምን አዘገየሽ?» እያለ ይጮህባት እንደነበር። ይሄን ስትል ትስቃለች። ጉሮሮውን ከቆረጡት በኋላ በማሽኑ ሲያናግራት፣ ማሽኑ ከመናገሩ በፊት የቁልፉን ድምፅ እየሰማች የትኛውን እንደሚል ቀድማ ታውቅ እንደነበር፣ ግን እስኪጨርስ ዝም ትለው እንደነበር።

አንዳንድ ነገር ደግሞ ያማል። ትናንት «ቀርቶብኛል» አለችኝ። «ሥራ ነው ይሉኛል እንጂ፣ እንዲህ ሆኜ ማየት ፈርቶ ይመስለኛል። አልፈርድበትም። ወንዶች እንዲህ ናችሁ።» እጇን አጥብቄ ያዝኩት። «አሳመምከኝ፣ ቀስ» አለችኝ።

ሐኪሙ ዛሬ ጠዋት ጠርቶኝ ነበር። የተናገረውን አልጽፍልህም፤ ከሰው ፊት ይነበባል። ደብዳቤህ ሲደርስ መልስ ካልዘገየብህ እሷ አለች ማለት ነው። ከዘገየ አትደውል። ስልኩን ሳነሳው ነፋስ ብቻ ነው የሚሰማህ።

ይሄን እየጻፍኩ ያለሁት አልጋዋ ጠርዝ ላይ ነው። የብዕሩን ድምፅ ሰምታ ነቃች። «ደብዳቤ ነው? ለማን?» አለችኝ። ከዚያ መልስ እንደማልሰጥ ትዝ አላትና ተወችው። ኋላ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«አንተስ ልጄ፣ ሚስት አለችህ?» አለችኝ።

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩላት።

አጎትህ